በነሐሴ የተለካ ውሃ

ይህን የጻፍሁት ድሬ ዳዋን በባቡር መስኮት እንኳ አይተዋት ለማያውቁ ሰዎች ነው። ስለ ከተማይቱ ውበት ለማንበብ የሚሻ ግን ከወዲሁ ይቅር ይበለኝ። በስድስት ቀን ጉዞዬ ያየሁት አብዛኛው መንገድ፣ ቢሮ፣ አንድ መጋዘንና አንድ ጉድጓድ ነው። የሄድሁትም በአንድ ቅጽ ላይ ከሁለት ቃላት አንዱን ልጽፍ ነበር፤ «አለ» ወይም «የለም»።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድሬ ዳዋ በስተ ምሥራቅ፣ ከዋሂል እልፍ ብሎ፣ ድርቁ ከቀያቸው ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች አንድ አዲስ የውሃ ጉድጓድ ከብበው ሰፍረው ነበር። በጥር ወር የእጅ ፓምፑ ውሃ መስጠት አቆመ የሚል መልእክት ደረሰን። ፓምፑ ተበላሽቶ ከሆነ ይጠገናል፣ ሰዎቹም ባሉበት ይቆያሉ። ጉድጓዱ ደርቆ ከሆነ ግን በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ሩቅ የሰፈራ ጣቢያ እንዲሄዱ ተወስኗል። ይህን የሚያረጋግጥ መሐንዲስ ከምሠራበት የውሃ መሥሪያ ቤት ተፈለገና እኔ ተላክሁ። ጉድጓዱ ያለቀ ዕለት ፈርሜ የተረከብሁት እኔ ነበርሁና ሌላ ሰው መላክም አይገባም ነበር።

ጉድጓዱ የመንግሥት ሥራ አልነበረም። በልዩ ልዩ አገሮች፣ መሐንዲሶች በትርፍ ጊዜያቸው ያለ ደመወዝ የሚሠሩባቸው ቡድኖች አሉ፤ ቡድኖቹም እርስ በርሳቸው በደብዳቤ የተሳሰሩ ናቸው። እኛም አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ሆነን፣ ከቀበሌ አስፈቅደን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ከእነሱ እንቆጠር ነበር። አንዱ ቡድን፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ያሉበት፣ ንድፍ ያወጣል። ሌላው፣ በአንድ የወደብ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ ብረት ሠራተኞች የተሰባሰቡበት፣ ያገለገሉ ፓምፖችን ፈትቶ ያድሳል። ሦስተኛው፣ በየውሃ ድርጅቱ የተቀጠሩ ሰዎች ቡድን፣ በዓመት ፈቃዱ መጥቶ ይቆፍራል፣ ይተክላል። በመካከላቸው ሁለት ክፍል ያላት ጽሕፈት ቤት አለች፤ ሥራዋ ደብዳቤ ማስተላለፍና ድምፅ መሰብሰብ ነው። አለቃ የላቸውም፤ ሕግ ግን አላቸው። ውሃውን የሚጠጣው ሰው ራሱ ፈርሞ ካልጠየቀ ሥራ አይጀመርም። የአንዱን ቡድን ንድፍ ሌላው ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይለውጥም፣ ዕቃውንም አይነካም። ፓምፑ ሲመጣ መለዋወጫ ጎማዎቹ ሳይቀሩ በጨርቅ ከረጢት ተሰፍተው፣ ቁጥራቸው በእጅ ተጽፎባቸው ነበር። ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝና፣ ያን ከረጢት ባየሁ ጊዜ ዘመዶቼን ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ

ከለገሃር የተነሣሁት በማለዳ ነው። የጉዞ ፈቃዴን አንድ ጊዜ በር ላይ፣ አንድ ጊዜ ፉርጎው ውስጥ አሳየሁ። የአዲስ አበባ ማለዳ በየካቲትም ይቆረጥማልና ሹራብ ደርቤ ነበር፤ ናዝሬት ላይ አወለቅሁት፤ አዋሽ ስንደርስ ለምን እንደያዝሁት ለራሴ ማስረዳት አቃተኝ። አዋሽ ጣቢያ ማካሮኒና ለብ ያለ አምቦ ውሃ ቀረበልን። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሙቀት ነበራቸው።

ከሚኤሶ በኋላ በሐዲዱ ግራና ቀኝ የከብት አጽም ማየት ጀመርን። መጀመሪያ ሰዎች በጣት ያሳዩ ነበር፤ ቆይቶ ማንም አላሳየም። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው የመስኮቱን መጋረጃ ዘጉ። ፀሐዩ በዚያ በኩል አልነበረም።

ድሬ ዳዋ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ጣቢያው ላይ ኮንትሮባንድ ለመያዝ እያንዳንዱ ሻንጣ ይፈተሻል። ፈታሹ ከሻንጣዬ ውስጥ የጉድጓድ መለኪያዬን አወጣው፤ ጫፉ ላይ ድፍን ብረት የታሰረበት የሃምሳ ሜትር ገመድ ጥቅል ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የጉድጓድ ጥልቀት መለኪያ ነው።»

«ብረቱስ?»

«ገመዱን ወደ ታች የሚስበው እሱ ነው።»

«እስኪ እንየው» አለና ሙሉውን ተረተረው። ሜትሬ በሰው እግር መካከል እንደ እባብ ተጋደመ። ከኋላዬ ጨርቅ ጠቅልላ ተራዋን የምትጠብቅ ነጋዴ፣ «አቦ ፍታው፣ ፍታው! በዚህ ሜትር ጨርቅ ብትለካልን ድሬን ሙሉ ታለብስልን ነበር!» ብላ ጮኸች። ሰልፉ ሳቀ፤ ፈታሹም ሳቀ። እኔ ግን ሴንቲሜትር በሴንቲሜትር እየጠረግሁ መልሼ ስጠቀልል ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሌላኛውን ጫፍ ይዞ የረዳኝ ሰው አብዲ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር፣ ድሬ ተወልዶ ድሬ ያረጀ፣ በአራት ቋንቋ የሚቀልድ ሰው።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እትዬ ኢንጂነር» አለኝ። «ሆቴሎቹን ስብሰባ ይዟቸዋል። አልጋ የለም፤ ቤት ግን አለ።»

አዲስ አበባ ውስጥ ሹፌር «አንቺ» ቢለኝ ቀና ብዬ አየዋለሁ። እዚህ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው አንተና አንቺ ይላል፤ አክብሮቱ ሌላ ቦታ እንደተቀመጠ የገባኝ ግን ሁለት ቀን ቆይቶ ነው።

በጋሪ ተሳፍረን መጋላ ወዳለው ወደ አክስቱ ቤት ሄድን። አዴ ፋጡማ ይባላሉ፤ ባለቤታቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሴት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ በጠፍር አልጋ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፈው ጠበቁኝ፤ ከአልጋው አጠገብም አንድ ሙሉ ባልዲ ውሃ።

«ታጠቢ» አሉኝ። «ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ያለው አቧራ ሁሉ አንቺ ላይ ነው።»

ግማሹን ተጠቅሜ ግማሹን ብተወው ተቆጡኝ። እኛ ሰፈር ውሃ ማክሰኞና ሐሙስ ይቋረጣል፤ በዚያ ዓመት ስለ እሱ ለቀበሌ ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ይህን ብነግራቸው፣ «ሐሙስ ጠፍቶ ዓርብ ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። «ይመጣል» አልሁ። «እንግዲያ ምን አስጻፈሽ?» አሉኝ።

ማክሰኞ

ቁርስ ፈጢራ ነበር፤ ከውስጡ እንቁላል ያለበት፣ ከላይ ማር የፈሰሰበት ስስ ቂጣ። ከዚያ የተፈናቃዮችን ጉዳይ ወደሚያየው ኮሚቴ ቢሮ ሄድሁ። ኃላፊው ጓድ ኃይሉ ይባላሉ፤ ከሰሜን ሸዋ የመጡ፣ ከአቧራውና ከእንቅልፍ ማጣት ዓይናቸው የቀላ ሰው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን የምጽፈው አንባቢ ክፉ ሰው እንዳይፈልግ ነው።

ቅጹን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። «በጣቢያው የመጠጥ ውሃ» ይላል፤ ከፊቱ አንድ ባዶ መስመር አለ።

«የውሃ ቦቴ በሁለት ቀን አንዴ እየላክንላቸው ነው» አሉኝ። «ከሰኞ ጀምሮ ግን ቦቴው ለሌላ ጣቢያ ተመድቧል። አለ ብለው ከጻፉ ሰዎቹ ይቆያሉ፤ ቦቴም አያስፈልጋቸውም። የለም ካሉ የጭነት መኪኖቹ ይመጣሉ።»

«ለጊዜው የለም፣ በቅርብ ግን ይኖራል ቢሆንስ?»

ቅጹን አዙረው ተመለከቱት። «ለዚያ መስመር የለውም።»

ለላንድሮቨሩ የነዳጅ ፈቃድ እስኪፈረም ድረስ ቀኑ ሊያልቅ ሆነ። በመካከሉ የፓምፑን መለዋወጫ ለማምጣት የቡድኖቹ ዕቃ ወደተቀመጠበት መጋዘን ሄድን። ሁሉም ባለፈው ነሐሴ እንደተውነው ነበር። የጉድጓዱ ግድግዳ የሚሸፈንባቸው የሲሚንቶ ቀለበቶች የሚፈስሱባቸው የብረት ፎርማዎች ግሪስ ተቀብተው፣ በሸራ ተጠቅልለው ቆመዋል። በሸራው ላይ የተሰፋው ወረቀት፣ ያለ ባለቤቱ ቡድን የጽሑፍ ፈቃድ ማንም እንዳይነካቸው ያዝዛል። ጽሑፉ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ ፎርማ ተወስዶ ሳይመለስ በመቅረቱ ሕጉ እንዲወጣ ድምፅ ከሰጡት አንዷ ነበርሁ። የጎማውን ከረጢት ይዤ ወጣሁ። ፓምፑ ብቻ ቢሆን ብዬ እየተመኘሁ ነበር፤ ሌላው ሐሳብ ቀድሞውንም ውስጤ ነበረ፤ ልሰማው አልፈለግሁም።

ረቡዕ

ማለዳ ደቻቱን ተሻገርን። ለማያውቀው ሰው፣ ደቻቱ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የአሸዋ ሜዳ የሆነ ወንዝ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። እኛ አገር ወንዝ ቢያንስ የወንዝ ድምፅ አለው። በመንገድ ላይ የመኪናው ሞተር ጋለ። ውሃ በጄሪካን ይዘን ነበርና አብዲን ለምን እንደማይጨምርበት ጠየቅሁት።

«ይህ የሚጠጣ ነው» አለኝ። «መኪናው ይቀመጥ፣ ይረፍ። እሱ ጥላ ይበቃዋል።»

ኮፈኑን ከፍተን አንዲት ግራር ሥር አንድ ሰዓት ተቀመጥን።

ሠፈሩ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት የጄሪካኖቹን ሰልፍ ነው። ከፓምፑ አፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጎጆ ድረስ ተደርድረው ነበር። ፓምፑ ከወር በላይ ውሃ አልሰጠም። ለምን እንደተደረደሩ ብጠይቅ፣ አብዲ ከአንዲት ሴት ጋር በኦሮምኛ ተነጋገረና፣ «ተራቸው እንዳይጠፋ ነው» አለኝ።

ሴትዮዋ ሙሚና ነበረች፤ የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብላ የምትቆም። ለቡድኖቹ የተላከው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አውራ ጣቷን ያተመችው እሷ ናት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ቢሆንም የምትለው ሁሉ ግልጽ ነበር።

«አንቺ ነሽ። የፈረምሽ።»

«እኔ ነኝ።»

ከጎጆዋ ገብታ አንድ ኩባያ ውሃ ይዛ ወጣች። የቦቴ ውሃ ነው። ልመልስላት አሰብሁ፤ አብዲ በዓይኑ ከለከለኝ፤ ጠጣሁት። በሕይወቴ የሰው ቤት ብዙ ተጋብዣለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ ግብዣ የለም።

ጎማዎቹን አልፈታኋቸውም። የመፈተሻውን ክዳን ከፍተን መለኪያዬን አወረድሁ። ስምንት ሜትር ከሃያ አለፈ። በነሐሴ ውሃውን ያገኘሁበት ልክ እሱ ነው፤ ቁጥሩን በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። አሥር አለፈ። አሥራ ሁለት አለፈ። አሥራ አራት ላይ ገመዱ ላላ። ስቤ ሳወጣው ብረቱ ላይ የነበረው አሸዋ ደረቅ ነበር፤ በጣቴ ስነካው ረገፈ።

ስህተቱን አንባቢ እንዲረዳው ማስረዳት አለብኝ። የሚቆፍረው ቡድን አባላት ተቀጣሪዎች ናቸው፤ የዓመት ፈቃዳቸው የሚሰጣቸው በእኛ ነሐሴ ነው። ስለዚህ በአገራችን ያለው ሥራቸው ሁሉ በነሐሴ ይሠራል። ነሐሴ ደግሞ በዚህ አገር የጎርፍ ወር ነው፤ ከአሸዋው በታች ያለው ውሃ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ወር ከፍ ብሎ አይገኝም። ንድፍ አውጪዎቹ ስድስት ሜትር ውሃ ያለበት ጉድጓድ በቂ ነው ብለው አሥራ አራት ሜትር ወሰኑ። ቆፋሪዎቹ አሥራ አራት ደርሰው አጨበጨቡ፤ ቅዳሜ አውሮፕላናቸው ይነሣ ነበር። ቅጹ ላይ «የውሃው ጥልቀት» የሚል አንድ መስመር ነበር፤ እኔም «ስምንት ሜትር ከሃያ ሴንቲ ሜትር» ብዬ ሞላሁት። ሁላችንም የቦሎኑን ቁጥር እስከ ሚሊሜትር አረጋግጠናል። ወሩን የጠየቀ የለም። እነሱ ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ እኔ ግን የከርሰ ምድር ውሃ የተማርሁ፣ በዚህ አገር የተወለድሁ ነኝ።

ሙሚና የብረቱን ደረቅ አሸዋ ተመለከተች። «ቢሻን ሂን ጂሩ» አለች ለአብዲ፤ ውሃ የለም ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አለ ብለሽ ጻፊ።»

«የለም እኮ።»

«እኔ አላውቅም? እኔ ነኝ የምቀዳ! በልግ ይመጣል። ጥቂት ቀን ነው። አንቺ አለ ብለሽ ጻፊ፣ እኛ እንጠብቃለን።»

«ከሰኞ ጀምሮ ቦቴ የለም። አለ ብዬ ከጻፍሁ ማንም ውሃ አያመጣላችሁም። ልጆቹ ምን ይጠጣሉ?»

«ልጆቹ የእኔ ናቸው፣ ያንቺ ናቸው?» አለች። ቁጣዋ ወዲያው በረደና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ባሏ ከሦስት ወር በፊት የቀሩትን ፍየሎች ይዞ ግጦሽ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዷል። በልግ ሲዘንብ እዚህ ጉድጓድ ጋ እመጣለሁ ብሎ ነው የሄደው። «መኪናው ከወሰደን የት ብሎ ያገኘናል? ወረቀት አያነብ። አገሩን አያውቅ። እዚህ ጋ ብሎኛል፤ እዚህ ጋ!» እያለች በእግሯ መሬቱን መታች።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አብዲ አልቀለደም።

ሐሙስ

ጠዋት ለጽሕፈት ቤቷ ቴሌግራም ላክሁ። ጉድጓዱ መድረቁን፣ አምስት ሜትር መጨመር እንዳለበት፣ ፎርማዎቹን እንድጠቀም ቶሎ እንዲፈቅዱልኝ ጻፍሁ። ከዚያ አብዲ ወደ መልካ ጀብዱ ወሰደኝ። ጉድጓዱን ከፈረንጆቹ ጋር የቆፈረው ኡመር እዚያ ይኖራል፤ ክንዱ እንደ ግንድ የሆነ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ምሳ ላይ አገኘነው፤ ሳንቀመጥ ሊያናግረን አልፈቀደም፤ ከገንፎው ላይ ሦስት ሰው በላን።

«እኔ ነግሬሽ ነበር» አለ እየበላ።

«ምን?»

«አምስት ቀለበት ጨምሪ ብዬሽ ነበር። ይህ የክረምት ውሃ ነው፣ ይወርዳል ብዬ። አንቺ ምን አልሽኝ? ወረቀቱን ከፈትሽ፤ ንድፉ አሥራ አራት ይላል አልሽኝ።»

ብሎኛል። ትዝ ይለኛል። ወረቀቱን በየትኛው እጄ ይዤው እንደነበር ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

«አሁን ቢቆፈር ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አሥር ቀን። ከአምናው የተረፈ ሲሚንቶ አለኝ። ሰው አለኝ። ያለ ቀለበት ግን አልወርድም፤ አሸዋው ይበላኛል። ፎርማውን አምጪልኝ፣ ነገ እጀምራለሁ።»

ስንመለስ አብዲ መኪናውን መጋዘኑ ደጃፍ አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም።

«የመጋዘኑ ሰው የአጎቴ ልጅ ነው» አለ። «አንቺ ብቻ ፈርሚ። ጭነን ለኡመር እንስጠው። ፈረንጆቹ ምን ይላሉ? ወላሂ ምንም አይሉም! ሲመጡ ውሃ ያያሉ።»

«ፈቃዱ የእኔ አይደለም፣ አብዲ። ቴሌግራም ልኬያለሁ። መልሱን እንጠብቅ።»

«ከሰኞ ቦቴ የለም።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው። ሊደርስ ይችላል።»

ማርሽ አስገባ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ኢንጂነር» አለኝ። «እትዬ» የሚለውን ትቶት ነበር።

ዓርብ

ከስግደት ወጥቶ ከተማው እንደገና ሲነቃ ፖስታ ቤት ሄድሁ። መልሱ ደርሷል። እንደ ወትሮው ፈጣን፣ ትክክልና ትሑት ነበር። ጥያቄዬ ለሦስቱም ቡድኖች ተላልፏል፤ ድምፁ በሚያዝያ ይሰበሰባል፤ ተጨማሪ ቁፋሮ በሚቀጥለው ነሐሴ ይቻላል፤ ስለ ትጋቴም ያመሰግኑኛል። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አንድ ስህተት አላገኘሁበትም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እጽፍ ነበር።

ወደ ጓድ ኃይሉ ቢሮ ሄጄ ቅጹን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁ። አለ ብዬ ብጽፍ ውሃ በሌለበት ሰው ላስቀር ነው። የለም ብል አንዲት ሴት ባሏ ሊያገኛት ከሚችልበት ብቸኛ ቦታ ልነቅላት ነው። መጋዘኑም አሁንም በዚያው ነበር፤ ከቢሮው በእግር ሩብ ሰዓት የማያስኬድ። ይህን በዚያች ሰዓት አላሰብሁም ብል እዋሻለሁ።

«የለም» ብዬ ጻፍሁ። ኅዳጉ ላይ ደግሞ፣ ጉድጓዱ በአምስት ሜትር ቢጠልቅ ውሃ እንደሚገኝ፣ ሥራው አሥር ቀን እንደሚፈጅ፣ እስከዚያ ቦቴው ቢቀጥል ሰዎቹን ማንሣት እንደማያስፈልግ በትናንሽ ፊደል ጨመርሁ።

ጓድ ኃይሉ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ይህን የማስተላልፈው በስልክ ነው፣ ጓድ መሐንዲስ። የሚጠይቁኝ አለ ወይስ የለም ብቻ ነው።»

«ኅዳጉንም ያንብቡላቸው።»

«አነባለሁ። ግን አሥር ቀን የሚያቆየኝ ቦቴ አለዎት?»

«የለኝም።»

«እኔም የለኝም» አሉና ማኅተሙን አነሡ።

ቅዳሜ

አዴ ፋጡማ ስንቅ ጠቅልለው እስከ ጣቢያው ድረስ በጋሪ ሸኙኝ። አብዲ ሁሉን ነግሯቸዋል። ሊወቅሱኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ «ባልዲውን በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ያስቀረሽው ለማን ብለሽ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ግማሽ ማስቀረት ልማድሽ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ እናት ነበር። ስንቁን ጭኔ ላይ አኖሩልኝና ሄዱ።

ባቡሩ ሲነሣ ከጣቢያው ውጭ ባለው ሜዳ ላይ የጭነት መኪኖች ቆመው ሸራቸው ሲጠረግ አየሁ። ለማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። መጋረጃውን ዘጋሁ።

ቤቴ ስደርስ ቅዳሜ ስለነበር ውሃ አለ። ቧንቧውን ከፍቼ ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት።

አብዲ በሚያዝያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። መኪኖቹ ሰኞ ጠዋት መጥተዋል። ሙሚና ከሁሉ መጨረሻ ነው የተሳፈረችው፤ ጄሪካኗን በሰልፉ ውስጥ፣ በተራዋ ላይ ትታ። በልጉ ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን ዘነበ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወደ ሁለት ሜትር ውሃ ገባ። ያንን አሥራ አንድ ቀን ብዙ ጊዜ አስልቼዋለሁ፤ ያለ ቦቴ ልጆቹ ይተርፉ ነበር ወይስ አይተርፉም፤ ኡመር ዓርብ ጀምሮ ቢሆን ኖሮስ። በየትኛውም ስሌት እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

በነሐሴ ቡድኑ እንደ ቃሉ መጣ። ፎርማዎቹ ከሸራቸው ወጡ፤ ኡመር ወረደ፤ አሥራ ዘጠኝ ሜትር ላይ በደረቅ ወራትም የማይቋረጥ ጥሩ ውሃ ተገኘ። ጽሕፈት ቤቷ ከእኔ ደብዳቤ በኋላ ቅጹን አሻሽላ አሳትማዋለች። «የውሃው ጥልቀት» ከሚለው ሥር አሁን «የተለካበት ወር» የሚል አዲስ መስመር አለ። ለሁሉም አገሮች ይሠራል፤ ሐሳቡን ስላቀረብሁም በጽሑፍ አመስግነውኛል።

የተሞላውን ቅጽ በተረካቢው ቦታ እንድፈርም ላኩልኝ። ሁሉም መስመር በጥንቃቄ ተሞልቷል። «የተጠቃሚዎች ብዛት» ከሚለው ፊት «አንድ» ተጽፏል። ከሥሩ፣ ሙሚና አውራ ጣቷን ታትምበት በነበረው ስፍራ፣ የወንድ አውራ ጣት አለ፤ ትልቅ፣ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ። አብዲ ከቅጹ ጋር ባያያዘው ቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦ ሰውየው በልጉ ሲዘንብ ፍየሎቹን ይዞ መጥቷል። ከዚያ ወዲህ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ፓምፑን ግሪስ ይቀባል፤ መኪና በመጣ ቁጥር ብድግ ብሎ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል።

ቁጥሩን ከወሩ ጋር አመሳከርሁ። ልኩ ትክክል ነበር። ፈረምሁ።